ጠጠር፣ ዝናብ ወይስ በረዶ? ሹፌር የሚያወጣው መሬት የቱ ነው?

የእህቴ ልጅ መንጃ ፈቃድ ካወጣ ይህ ሁለተኛ ክረምቱ ነው። ደብረ ብርሃን ተወልዶ ያደገ ልጅ ስለሆነ ብርድና ጉም አያስደንቀውም። እሑድ እሑድ ፎርሙላ ዋን በስልኩ ያያል። ዳታ ሲያልቅበት እኔ ቤት ይመጣል። ባለፈው ሰሞን ቡና እየተፈላ ሳለ እንዲህ አለኝ፦ «ጋሼ፣ የምሬን መንዳት ልማር ብል ምን መሬት ላይ ልለማመድ? ጠጠር ነው፣ ዝናብ ነው ወይስ እንደ ፊንላንዶቹ በረዶ ነው?»

«በረዶውን ከየት ልታመጣው ነው?» ብዬ ሳቅሁበት። ጥያቄው ግን አልለቀቀኝም። ብዙ ሰው «የሚያንሸራትት መንገድ ጎበዙን ከሰነፉ ይለያል» ይላል፤ እውነት አለው። ግን የሚያንሸራትት ሁሉ አንድ አይደለም። ጠጠር የሚያስተምረውን ዝናብ አያስተምርም። ጭቃ ደግሞ አንዳንዴ ከመግፋት በቀር ምንም አያስተምርም። ስለዚህ አንድ በአንድ ላወዳድራቸው። ለመለማመድም ሆነ የቱን ውድድር ልከታተል ለሚል ሰው ይጠቅማል። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መሬቱ አልይዝ ሲል ምን ይለወጣል?

የመኪና ሰዎች ግሪፕ የሚሉት ነገር ጎማና መሬት ምን ያህል እንደተያያዙ ነው። ደረቅ አስፋልት ላይ ጎማው የመኪናዋን ክብደት ሰማንያ በመቶ በሚያህል ኃይል መሬቱን ይይዛል እንበል። ልቅ ጠጠር ላይ ወደ ክብደቷ ግማሽ ይወርዳል። ልሙጥ በረዶ ላይ ከአሥር አንድ እጅ ቢቀር ነው፤ ብረት ጥርስ የሌለው ጎማ ማለቴ ነው።

ወደ ኪሎ ሜትር እንመንዝረው። ራዲየሱ 50 ሜትር የሆነ ኩርባ አለ። ደረቅ አስፋልት ከሆነ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ይዛችሁ ትታጠፋላችሁ። ጠጠር ከሆነ በ55። በረዶ ከሆነ በ25፤ ብስክሌት የያዘ ልጅ ይቀድማችኋል። አሁን ደግሞ በ60 ስትሄዱ ፍሬን ያዙ። በደረቁ 18 ሜትር ላይ ትቆማላችሁ። በጠጠሩ 28 ሜትር፣ በበረዶው 140 ሜትር ገደማ። ይህ የወረቀት ሂሳብ ነው፤ ጎማና ጭነት ይለውጠዋል። መጠኑ ግን ይህን ይመስላል።

ከዚህ ሁለት ነገር ይወጣል። አንደኛው ጥሩ ዜና ነው። መኪናዋ የምትከዳችሁ በዝግታ ላይ ሳላችሁ ነው። ደረቅ አስፋልት ላይ ስህተቱ በ70 መጥቶ ዓይናችሁን ሳትጨፍኑ ያልፋል። በሚያንሸራትት መሬት ላይ ያው ስህተት በ25 ይመጣል። ታዩታላችሁ፣ ትሰሙታላችሁ፣ ለማረምም ጊዜ አላችሁ። ሁለተኛው መጥፎ ነው። ለመማር ጊዜ የሰጣችሁ መሬት ለመቆም ሜዳ ይጠይቃችኋል። ዛፍ፣ ሰው ወይም ገደል አጠገቡ ካለ ትምህርቱ ይቅር።

ጠጠር፦ በጎቹ ይናገራሉ

አጎቴ የአይሱዙ ሹፌር ነበር። ከመንዝ በግ ጭኖ ወደ ደብረ ብርሃን ይመጣል፤ ያኔ መንገዱ ኮረኮንች ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ጋቢና አስቀምጦ ይዞኝ ይሄዳል። ራዲዮ አያስከፍትም። የሚያዳምጠው በጎቹን ነው።

ፍሬን ድንገት ከያዘ በጎቹ ወደ ፊት ይከመራሉ። ከጀርባችን ዷ የሚል ድምፅ ይመጣል። ኩርባ ላይ ቸኩሎ መሪ ካዞረ ወደ ጎን ይወድቃሉ። ሰኮናቸው ጣውላውን ሲቧጥጥ ይሰማል። አጎቴ ታዲያ ኩርባው ሳይደርስ ፍሬኑን ነካ ያደርጋል፣ ቀስ ብሎ ይለቃል፣ ከዚያ መሪውን ያዞራል። ሦስቱን በአንድ ጊዜ አያደርግም። ደብረ ብርሃን ስንገባ በጎቹ እንደቆሙ ናቸው። የወደቀ በግ ነጋዴው አይከፍልበትም፤ አጎቴን አስተማሪ ያደረገው ይኸው ነው።

ራሊ፣ ማለትም መኪኖች በየተራ እየወጡ ከሰዓት ጋር የሚሽቀዳደሙበትን ውድድር፣ ማየት ስጀምር የአጎቴ ሥራ ገባኝ። መኪና ስትፈርን ክብደቷ ወደ ፊት ጎማዎች ይሄዳል። የፊት ጎማዎች መሬቱን ይነክሳሉ፤ የኋላዎቹ ይቀላሉ። በዚያች ቅጽበት መሪ ቢዞር ኋላው በቀላሉ ይዞራል። ነዳጅ ሲሰጥ ደግሞ ክብደቱ ወደ ኋላ ይመለሳል። የራሊ ሹፌር ጠጠር ላይ ይህን ሆን ብሎ ነው የሚያደርገው። እንዲያውም ወደ ግራ ከመታጠፉ በፊት ቀኝ ነካ አድርጎ ክብደቱን ያወዛውዛል። ዘዴውን ያስፋፉት በ1960ዎቹ የሰሜን አውሮፓ ሹፌሮች ናቸው። አጎቴ በጎች እንዳይወድቁ የሚሸሸውን ነገር እነሱ መኪና ለማዞር ፈለጉት። ዕውቀቱ ግን ያው ነው።

ጠጠር ሌላም ደግነት አለው፤ ሳይነግር አይከዳም። አስፋልት ላይ ጎማ መያዝ የሚችልበት ጠርዝ ጠባብ ነው። ከጠርዙ ካለፈ ድንገት ይለቃል። ጠጠር ላይ ጠርዙ ሰፊ ነው። ጎማው እየተንሸራተተ ድንጋዩን ወደ ጎን ይገፋል፤ የተገፋው ድንጋይ ደግሞ መልሶ ያግዘዋል። ለዚህ ነው ራሊ መኪና ጎኗን ይዛ ስትሄድ ከቀጥተኛዋ የምትፈጥነው። ለትርኢት የሚያደርጉት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ አይደለም።

ፍሬን ላይም እንደዚሁ ነው። የተቆለፈ ጎማ ልቅ ጠጠር ሲቆፍር ከፊቱ ክምር ይሠራል፤ ክምሩ ያቆመዋል። ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ዘመናዊ ፍሬን እዚህ ላይ የመቆሚያውን ርቀት ሊያረዝመው ይችላል። አስፋልት ላይ ያመነውን መኪና ጠጠር ላይ «ፍሬኑ እምቢ አለ» የሚል ሹፌር ብዙ ጊዜ የገጠመው ይህ ነው።

ውድድር ለሚከታተል ሰው አንድ ነገር ልጨምር። ደረቅ ጠጠር ላይ መጀመሪያ የሚወጣ መኪና መጥረጊያ ነው። ልቁን ድንጋይ ጠርጎ ለኋለኞቹ ጠንካራውን መሬት ይገልጥላቸዋል። በዓለም ራሊ ሻምፒዮና ውስጥ በመጀመሪያው ቀን ፊት የሚወጣው ነጥብ የሚመራው ሹፌር ነው። ስለዚህ መሪው ሁልጊዜ ለተቀናቃኞቹ መንገድ ይጠርጋል። አስፋልት ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ፊተኛው ንጹሕ መንገድ ያገኛል፤ ኩርባ እየቆረጠ የሚያልፈው ሁሉ አፈር እየጎተተ ለኋለኛው ያቆሽሸዋል። የሰዓት ሰንጠረዥ ስታዩ ማን ስንተኛ ወጣ የሚለውን ሳታዩ አትፍረዱ።

ለእኛ ቅርቡ የኬንያ ሳፋሪ ራሊ ነው። በ1953 ተጀመረ። ከ2002 በኋላ ከዓለም ሻምፒዮናው ወጥቶ በ2021 ናይቫሻ ላይ ተመለሰ። ጠጠሩ፣ እንደ ዱቄት የላመው አፈር፣ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ጭቃው፣ ሁሉም በአንድ ቀን ይገጥማል። መኪኖቹ አየር የሚስቡት ጣራ አጠገብ በተተከለ ቱቦ ነው። የእኛን አገር መንገድ የሚያውቅ ሰው ይህን ውድድር ሲያይ እግሩ ሳያስበው ፍሬን ይፈልጋል።

የጠጠር ጉዳቱ ኪስ ላይ ነው። መስታወት ይሰነጠቃል፣ ጎማ ይቀደዳል። ከጎሚስታው ጋር ቤተሰብ ትሆናላችሁ።

ዝናብ፦ ዓይን የሚፈትን

ጠጠር ላይ የቆምኩበትን አውቃለሁ። እርጥብ አስፋልት ግን ዛሬም ያታልለኛል፤ አታልሎኝም ያውቃል።

ከጫጫ ወደ ደብረ ብርሃን ስመለስ ነው። ረጅም ደረቅ ሰሞን አልፎ የመጀመሪያዋ ካፊያ ጣል ጣል ብላለች። ካፊያ ናት ብዬ ናቅኋት። ትንሽ ኩርባ ላይ መሪውን አዞርኩ፤ መኪናዋ አልዞረችም። አፍንጫዋን ይዛ ቀጥ ብላ ወደ ጠርዙ ሄደች። እኔ ደግሞ ይባስ ብዬ መሪውን ጨመርኩበት። ይህ ነው ጥፋቱ። የፊት ጎማው አልይዝ ካለ ተጨማሪ መሪ የባሰ ያንሸራትተዋል። ነዳጁን ለቆ መሪውን ትንሽ መመለስ ነበር። ቦዩ አፍ ላይ ስደርስ ቆመች። አንድ እረኛ ዱላውን ትከሻው ላይ እንዳጋደመ ቆሞ አየኝ። አንድ ቃል አልተናገረም፤ ቢናገር ይሻለኝ ነበር።

ምክንያቱን ብዙ አሮጌ ሹፌር ያውቀዋል። በደረቁ ወራት የተንጠባጠበ ዘይት፣ ናፍጣና አቧራ አስፋልቱ ላይ ይከማቻል። የመጀመሪያው ካፊያ አያጥበውም፤ ያቦካዋል። ደህና ዶፍ ከወረደ በኋላ መንገዱ ከካፊያው ጊዜ ይልቅ ይይዛል። ሰኔ መግቢያ ላይ ከነሐሴ የባሰ መጠንቀቅ የሚገባው ለዚህ ነው።

የእሽቅድምድም ሜዳ ላይም ተመሳሳይ ነገር አለ። በደረቅ ቀን ፈጣኑ መስመር ሁሉም የሚሄድበት ነው፤ የጎማ ላስቲክ ተለጥፎበት ይይዛል። ዝናብ ሲወርድ ያ ላስቲክ ሳሙና ይሆናል። ያን ጊዜ ጎበዙ ሹፌር የለመደውን መስመር ትቶ በውጭ በኩል ማንም ያልረገጠውን ሻካራ አስፋልት ይፈልጋል። በ2016 ብራዚል ላይ ማክስ ቨርስታፐን ያደረገው ይህን ነው። ሌሎቹ የለመዱትን መስመር ሙጥኝ ሲሉ እሱ በጎን በኩል እየዞረ አለፋቸው፤ ሦስተኛ ሆኖ ጨረሰ።

ስለዚህ ዝናብ ከእጅ በፊት ዓይንን ይፈትናል። የትኛው ጋ ይይዛል? የትኛው ጋ ያብረቀርቃል? ከአንድ ዙር በፊት የነበረው አሁንም አለ? ጠጠር ከዚያኛው ኩርባ እስከዚህኛው ብዙም አይለይም። ዝናብ ግን በየደቂቃው መልኩን ይለውጣል።

የዝናብ ውድድር ሲነሳ ሁሉም የሚጠራው በ1993 እንግሊዝ አገር ዶኒንግተን ላይ የፎርሙላ ዋኑ ሹፌር አየርተን ሴና ያደረገውን ነው። አራተኛ ሆኖ ተነሳ፤ ወዲያው አምስተኛ ወረደ። የመጀመሪያው ዙር ሳያልቅ አራቱንም አልፎ መሪ ሆነ። ያለፋቸው ሹማኸር፣ ቬንድሊንገር፣ ሂል እና ፕሮስት ናቸው። ዝናቡ ሲመጣና ሲሄድ ፕሮስት ሰባት ጊዜ ጎማ ለመቀየር ገባ። ሴና ከዴሞን ሂል በቀር ሁሉንም አንድ ዙርና ከዚያ በላይ ደርቦ አሸነፈ።

እኔ ግን ለንጽጽር የምመርጠው ሌላ ነው፤ የ2020ውን ኢስታንቡል። ውድድሩ ሊደረግ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው ሜዳው አዲስ አስፋልት ለበሰ። አዲስ አስፋልት ላይ ድንጋዩ በሬንጅ እንደተሸፈነ ነው፤ ጎማ የሚነክሰው ሻካራ ነገር አያገኝም። ላዩ ቅባታም ነው። ዝናብ ተጨመረበት። እዚህ ላይ አንድ ክፉ አዙሪት አለ። የእሽቅድምድም ጎማ የሚይዘው ሲሞቅ ነው። የሚሞቀው ደግሞ መሬቱን ሲይዝ ነው። መሬቱ ካልያዘ አይሞቅም፤ ካልሞቀ አይዝም። የዓመቱ ፈጣን መኪና መርሴዲስ ቅዳሜ የመነሻ ተራ በሚለይበት ማጣሪያ ጎማውን ማሞቅ አቃተው። የመርሴዲሱ ሉዊስ ሃሚልተን ስድስተኛ ሆነ። አንደኛ የተሰለፈው ላንስ ስትሮል ነበር።

በማግሥቱ ሃሚልተን ከ30 ሰከንድ በላይ ቀድሞ አሸነፈ፤ ሰባተኛ የዓለም ሻምፒዮና ዋንጫውንም እዚያው አረጋገጠ። ከ58ቱ ዙር 50ውን የሄደው በአንድ የመካከለኛ ዝናብ ጎማ ነው። የጎማው ጥርስ እስኪጠፋ ድረስ ተቆጣጥሮ አቆየው። የቡድን ጓደኛው ቦታስ በዚያው ዓይነት መኪና፣ በዚያው ሜዳ፣ በዚያው ዝናብ ደጋግሞ ዞረ፤ 14ኛ ጨረሰ።

ታዲያ «ዝናብ መኪናን ሁሉ እኩል ያደርጋል» የሚለው እውነት ነው? ግማሹ ነው። የሞተር ጉልበት ዋጋው ይቀንሳል፤ ልትጠቀሙበት አትችሉማ። ቅዳሜ መርሴዲስን ወደ ስድስተኛ ያወረደው ግን የሹፌር ስንፍና አይደለም፤ የጎማ ሙቀት ነው። የማሽን ልዩነት አይጠፋም፤ ቦታ ይለውጣል። እውነተኛው ሚዛን አንድ ዓይነት መኪና የያዙ ሁለት ሹፌሮችን ማየት ነው። ሃሚልተንና ቦታስ ያን ቀን ያሳዩት ይህን ነው።

ጉም ሲጨመርበት ደግሞ ሌላ ነው። ጣርማ በርን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ከደብረ ሲና ዳገቱን ስትወጡ ድንገት የፊት መብራታችሁ ራሱ ግድግዳ ይሆንባችኋል። ዋሻው አፍ ላይ እስክትደርሱ የምትነዱት በጆሮ ነው። አሁን ያንን 22 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ የጀርመኑ ኑርቡርግሪንግ ሜዳ ዙር ላይ በእሽቅድምድም ፍጥነት አስቡት። በ1968 ጃኪ ስቱዋርት በዝናብና በጉም፣ ያውም የእጁ አንጓ ተጎድቶ፣ ሁለተኛውን ከአራት ደቂቃ በላይ ቀድሞ አሸነፈ። አራት ሰከንድ አላልኩም።

በረዶ፦ ለማየት እንጂ

የእኛ ውርጭ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሣሩንና የመኪና መስታወትን ያነጣል። ባቄላውን ያቃጥላል። እሽቅድምድም የሚያስኬድ በረዶ ግን አይደለም። ስለዚህ ይህ ምርጫ በስልክ የሚታይ ነው።

በረዶ የሚያስተምረው እግርን ነው። ነዳጁን ትንሽ ካበዛችሁ ጎማው በባዶ ይሽከረከራል። ፍሬኑን ትንሽ ካጠበቃችሁ ይቆለፋል። የምትጠይቁት ነገር ሁሉ ዘግይቶ ይደርሳል። ካሌ ሮቫንፔራ በስምንት ዓመቱ የቀዘቀዘ ሐይቅ ላይ ትንሽ ቶዮታ ሲነዳ የሚያሳይ ቪዲዮ አለ፤ አባቱም የራሊ ሹፌር ነበር። ያ ልጅ በ22 ዓመት ከአንድ ቀን ዕድሜው፣ በ2022 የዓለም ራሊ ሻምፒዮን ሆነ። በታሪኩ ታናሹ ነው። ዋንጫውን ያረጋገጠው ግን በረዶ ላይ ሳይሆን ኒውዚላንድ ጠጠር ላይ ነው። ለእህቴ ልጅ ይህን ስነግረው ዝም አለ።

ደግሞ አንድ መታረም ያለበት ነገር። የስዊድን ራሊ ላይ የምታዩት ፍጥነት በባዶ ጎማ አይደለም። ጎማቸው ጠባብ ነው፤ በመቶዎች የሚቆጠር ብረት ጥርስ ተተክሎበታል። በረዶውን እንደ መጥረቢያ ይቆርጠዋል። ስለዚህ «በረዶ ላይ እንዲህ ከፈጠኑ ጭቃ ምን አላት» ብሎ የሚነሳ ሰው ተሳስቷል።

የቀሩት

አሜሪካኖቹ የሸክላ አፈር ክብ ሜዳ አላቸው። አፈሩን ውኃ ያጠጡታል፤ መጀመሪያ እንደ ሊጥ ይይዛል። ውድድሩ ሲቀጥል ይደርቅና እንደተወለወለ ምጣድ ይሆናል። ሹፌሮቹ የሚይዝ አፈር ፍለጋ ወደ ውጭኛው ግድግዳ ይጠጋሉ። ካይል ላርሰን ከዚህ የወጣ ነው። በ2021 የአሜሪካኖቹን ታዋቂ የመኪና ውድድር የናስካርን ዋንጫም፣ በሸክላው ትልቁን የኖክስቪል ውድድርም በአንድ ዓመት ወሰደ። ውድድሩ አጭር ነው፣ ይደጋገማል፣ ዳታ አይጨርስም። ለማየት ከሆነ ከሁሉ ይህን የበለጠ አዝናኝ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ጭቃ። ሞረትና ጅሩ ላይ መረሬ የሚባለውን ጥቁር አፈር የሚያውቅ ሰው ብዙ አይነገረውም። ደረቅ ሲሆን ይሰነጠቃል፤ ሲርስ ጎማውን ይለብሰዋል። የጎማው ጥርስ ሞልቶ ድፍን ኳስ ይሆናል። ከዚያ በኋላ መሪውን ብታዞሩም ባታዞሩም መኪናዋ ወደምትፈልግበት ትሄዳለች። ለጤፍና ለስንዴ የተባረከ አፈር ነው። ለሹፌር ግን ትዕግሥትና ትከሻ ብቻ ነው የሚያስተምረው። አሸዋም ለጀማሪ አይመከርም። ጎማ ማስተንፈስ፣ መቀበር፣ አካፋ መፈለግ ነው ሥራው።

የኮምፒውተር ጨዋታስ? መሪና ፔዳል ከተገኘ ለዓይንና ለእጅ ጥሩ ነው። አንድ ኩርባ መቶ ጊዜ ተበላሽቶ አንድ ብር አይወጣበትም። ግን መኪና መንሸራተት ስትጀምር መጀመሪያ የሚያውቀው ዓይን አይደለም፤ መቀመጫ ነው። ወንበሩ ከሥር ሲሸሽ ይሰማችኋል። ያንን ስክሪን አይሰጥም። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ትምህርቱም ይጠፋል።

የቱን ልምረጥ?

ገና ጀማሪ ከሆናችሁ ጠጠር። ያለ ማመንታት። በዝግታ ይነግራችኋል፣ ስህተታችሁን ያሳያችኋል፣ የክብደትን ነገር ያስገባችኋል። ጠጠር ላይ ጥቂት ወር የቆየ ሰው አስፋልት ላይ ኋላው ቢወጣበት አይደነግጥም።

ዓመታት የነዳችሁና «እኔ አውቃለሁ» የምትሉ ከሆነ ዝናብ። አውቃለሁ የሚል ሰው የጎደለው እጅ አይደለም፤ መንገዱን ማንበብ ነው። ይህን ግን ለውድድር ብላችሁ አትሞክሩት። እርጥብ አስፋልት ሲለቅ ድንገት ነው፤ ጠጠር የሚሰጠውን ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። በየዕለቱ መንገዳችሁ ላይ ፍጥነት ቀንሱና የት ያብረቀርቃል፣ የት ደብዝዟል እያላችሁ አንብቡ። ይህ ብቻውን በቂ ሥራ ነው።

ለማየት ብቻ ከሆነ እንደ ትዕግሥታችሁ ነው። መኪናን ሳይሆን ሰውን ማየት የፈለገ የዝናብ ፎርሙላ ዋን ይይ፤ ያውም የአንድ ቡድን ሁለት ሹፌሮችን እያነጻጸረ። መንገድ የሚወድ ሳፋሪን ይይ።

መኪናውም ለውጥ አለው። ቪትዝ የሚጎትተው በፊት ጎማ ነው። ጠጠር ላይ ነዳጅ ስትጨምሩ አፍንጫው ወደ ውጭ ይገፋል፤ ስትለቁ ወደ ውስጥ ይመለሳል። ለጀማሪ የዋህ ነው። አሮጌ ላዳ የሚገፋው በኋላ ጎማ ነው። ነዳጅ ሲበዛ ኋላው ይወጣል፤ መሪውን ወደ ተንሸራተተበት አቅጣጫ መመለስ ያስተምራል። እኔን ብትጠይቁኝ ላዳ የተሻለ መምህር ነው። ደግሞ እኛ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነን። አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱን ሩብ ያህል ያጣል። ዳገት ላይ ያማርራል፤ ለተማሪ ግን ጥሩ ነው፤ ላዳው ደብረ ብርሃን ላይ ከሸዋ ሮቢት የበለጠ ጨዋ ነው። አዲሶቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች ሌላ ጸባይ አላቸው። ከባድ ናቸው፤ ጉልበታቸው እንደ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። ፔዳሉን ስትለቁ ሞተሩ ራሱ ይፈርናል። እርጥብ ቁልቁለት ላይ እግር በድንገት ማንሳት ፍሬን እንደመያዝ ሊሆን ይችላል። የዚህን መጠን የሚቀንስ ማስተካከያ ካለ ክረምት ላይ ዝቅ አድርጉት።

ቦታውን በተመለከተ ልመናዬ አንድ ነው። አስፋልቱ መንገድ ላይ አይሁን። የሚሄድበት ሰው አለው፣ የሚሻገር ከብት አለው። ባለቤቱ የፈቀደው፣ ልጅና እረኛ የሌለበት፣ ዛፍና ቦይ የራቀበት ጠጠራም ሜዳ ፈልጉ። ከ30 አትለፉ፤ በ30 የማይታይ ስህተት የለም። ቀበቶ እሰሩ። ከኋላ ዕቃ አትተዉ፤ ክሪክ እንኳ ይበራል።

የእህቴ ልጅ ጓደኛው ላዳ አለው። እንዲህ ያለ ሜዳ አስፈቅደን ሦስት ቅዳሜ ወጣን። በግ መጫን ስላልቻልን ክዳን የሌለው ጀሪካን ላስቲክ ባልዲ ውስጥ አቁመን፣ እስከ አፉ ውኃ ሞልተን፣ ከኋላ ወንበር ላይ በገመድ አሰርነው። ሜዳውን በ25 አምስት ጊዜ ዞሮ ምን ያህል እንደተረፈ እንለካለን። የመጀመሪያው ቅዳሜ እሱም እኔም ጀርባችን ራሰ። ሁለተኛው ላይ ሩቡ ፈሰሰ። ሦስተኛው ላይ ባልዲው ውስጥ የተጠራቀመው አንድ ብርጭቆ አይሞላም ነበር። ባለ ላዳው ጓደኛው ግን የኋላ ወንበሩ እስካሁን አልደረቀለትም፤ የሰኔ ደመና መጣ፣ ፀሐይ የለም፣ በየቀኑ እየደወለ ይነዘንዘናል።